ሐዲዱ አይቃናም

ወልቂጤ፣ ጥር 2007 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ጋሼ ሀብቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ባልሆንም የምነግረው ለአንተ አይደለም። ብደውል ብደውል ስልክህን አላነሳ አልክ። ባለቤትህን ብጠይቃት «ስብሰባ ላይ ነው» አለችኝ። እሁድ ከሰዓት በኋላ የምን ስብሰባ እንደሆነ እሷም ያወቀችው አልመሰለኝም፤ ድምጿን ሳቅ ሳቅ ይለው ነበር። ስለዚህ ጻፍኩልህ። ጀማሉ ለወርክሾፓችን የብየዳ ዘንግ ሊገዛ መርካቶ ስለሚመጣ በእጁ ይሰጥሃል። ብትቀደውም አይከፋኝም፣ ደግሜ እጽፈዋለሁ።

አስቀድሜ ልንገርህና ልብህ ይረፍ፦ ሐዲዱን አላቃናሁትም። አንተ ቅዳሜ መኪናህን አስነስተህ፣ አቧራውን አልብሰኸን ስትሄድ ነገሩ ያለቀ መስሎህ ነበር። አላለቀም። ዘግይተህ ስለመጣህና ቀድመህ ስለሄድክ ያላየኸው ብዙ ነው፣ ቁጭ በልና አንብበው።

ይህ የባቡር ኤግዚቢሽን እንዴት እንደመጣ ታውቃለህ። አዲስ አበባ የከተማ ባቡር ሊሞከር ነው ሲባል አገሩ ሁሉ ባቡር ባቡር አለ፤ ወልቂጤም ከማን አንሼ ብላ «ባቡር በአካባቢያችን ቢያልፍ» የሚል ውድድር አዘጋጀች። የእጅ ሙያ አለኝ የሚል ሁሉ የአካባቢውን አምሳያ በጠረጴዛ ላይ ሠርቶ፣ ትንሽ ባቡር እያስኬደበት ቅዳሜና እሁድ በከተማው አዳራሽ ለሕዝብ ያሳይ ተባለ። አዳራሹ ደጅ የተተከለውን ድንኳንና ወንበሩን ያመጣኸው አንተ ነህ። ስምህ በሩ ላይ በትልቁ ተጽፎ ሳይ ኮርቼ ነበር፣ አልዋሽህም። ለማላውቀው ሰው ሁሉ «የኔ ወንድም ነው» እያልኩ ሳወራ ነው ያረፈድኩት።

እኔ የሠራሁት ጉንችሬ አጠገብ ያለውን የተወለድንበትን ሰፈራችንን ነው። ሌላ ምን እሠራለሁ? አባባ ዱባለ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን በድሬዳዋ ባቡር ጋራዥ ጨርሶ ሲመለስ ብየዳውን ያስተማረው እኔን ነው። አንተማ ብረት ከነካህ እጅህን ስትታጠብ ትውል ነበር። እኔና ጀማሉ በርና መስኮት ስንበይድ ውለን፣ የተረፈችንን ጊዜ ሁሉ ለዚህች ባቡር ሰጠናት። ሐዲዱን ከቀጭን ብረት፣ ባቡሩን ከዘይት ቆርቆሮ ሠራን፤ ሞተሩን ከአሮጌ ቴፕ አወጣነው። ጉንችሬን ከነገበያዋ ሠራኋት። ከዚያ ሰፈራችንን፦ ጎጆዎቹን በግራና በቀኝ፣ ከጎጆዎቹ ጀርባ እንሰቱን፣ በመሐል ጀፎረውን። ጀፎረውን ከእማዬ አረንጓዴ የአልጋ ልብስ ቆርጬ ነው ያነጠፍኩት። ሐዲዱ ከወልቂጤ ቀጥ ብሎ ይመጣና ጀፎረው አፍ ላይ ሲደርስ ይታጠፋል፤ በእንሰቱ ጀርባ ዞሮ ጉንችሬ ይገባል። ጠረጴዛው ስለጠበበን ኩርባው ትንሽ ከረር ብሏል።

ጀፎረ ምን እንደሆነ ለአንተ ማስረዳት አልነበረብኝም። ግን የረሳኸው ስለመሰለኝ ላስታውስህ። በሁለቱ ረድፍ ቤቶች መሐል የተዘረጋው ሰፊ የሣር መንገድ ነው፤ ማንም አያርሰውም፣ ማንም አያጥረውም። ጥጃ የምናግደው እዚያ፣ ሙሽራ የምንሸኘው እዚያ፣ ሽማግሌ ለዳኝነት የሚቀመጠው እዚያ። በየመስቀሉ ከአዲስ አበባ ስትመጣ መኪናህን የምታቆመውስ የት ነው? የአባባ ለቅሶ የት ነበር የተቀመጠው? አገር ምድሩ መጥቶ ያለቀሰልን የማን በር ላይ ነበር?

እሺ፣ ወደ ቅዳሜ ልመለስ። አዳራሹ ገና በጠዋቱ ጢም አለ። ከጉብሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሚኒባስ መጡ፣ ባጃጅ ነጂዎች ሥራ ጥለው ገቡ፣ ገበያተኛው ዘምቢሉን ይዞ ይጋፋል። ከአዲስ አበባ የመጡት ልጆች ከውጭ አገር የተገዛ ባቡር ይዘው ነበር፤ ቆንጆ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ግን ቀጥ ይላል፣ መብራቱ ደግሞ ያን ቀን እንደ ልማዱ ነበር። የቡታጅራዎቹ ባቡር ጭስ ያወጣል። ጭሱ ከየት እንደሚመጣ ሲጠየቁ «የሙያ ምስጢር ነው» ይላሉ። ጀማሉ ነገር አያመልጠውም፣ ጎንበስ ብሎ ከሥር ቢያይ የወባ ትንኝ ማባረሪያ ለኩሰውበታል። «በሉ ቢያንስ ተሳፋሪው በወባ አይታመምም» ብሎ አሳቃቸው።

የኛን ጠረጴዛ የከበበው ደግሞ የአገር ቤት ሰው ነው። «ይኼ የነ እንትና በር አይደለም?» «ኧረ እንሰቱ!» እያሉ ቤታቸውን በጣት ይፈልጋሉ። በዚህ መሐል የአዘጋጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ያ ወዳጅህ አቶ ያረጋል፣ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞረ እኛ ዘንድ ደረሰ። ብዕሩን ከኪሱ ሊያወጣ ፈልጎ ቦርሳውንና የሃይላንድ ውሃውን አረንጓዴው ጨርቅ ላይ አስቀመጠ። ለካ ሀጂ ሰይዶ፣ የላይ ሰፈሩ ሽማግሌ፣ ከኋላው ቆመዋል።

«አንሳ!» አሉት።

«ምኑን?»

«ቦርሳህን። ጀፎረ ላይ ምን ያስቀምጥሃል?»

«አባቴ፣ ጨርቅ እኮ ነው።»

«ጨርቅ መሆኑንማ አየሁት። አንሳ ብያለሁ!»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሀጂ ግን አልሳቁም፤ አጠገባቸው የነበሩት ሴቶችም አልሳቁም፣ እንዲያውም አንዷ የራሷን ዘምቢል ከጠረጴዛው ጠርዝ ቀስ ብላ አወረደች። ያረጋል ዕቃውን አነሳ፣ ፊቱ ግን በርበሬ መሰለ። በሰው ፊት የተሳቀበት ሰው ነገር ሳይፈልግ አይሄድም። ዓይኑን ሲያንከራትት ሐዲዱን አገኘ።

«ይኼ ለምን ተጣመመ?» አለኝ።

«ጀፎረውን እየዞረ ነው።»

«ለባዶ ሜዳ ብሎ ባቡር ይዞራል እንዴ? ነገ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ። ቀጥ አድርገሽ አሳልፊው።»

«ባዶ አይደለም።»

«ታዲያ ምን አለበት?»

«ሰው አለበት» አልኩት። «አሁን ባይታይዎትም ሰው አለበት።»

ያን ጊዜ ነው አንተን ያስጠራህ። መጣህ፤ ሽቶህ ቀድሞህ። አልጠየቅከኝም፣ አልሰማኸኝም፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረግክና «ሐረግ፣ ምን ችግር አለው? አቃኚው በቃ። መጫወቻ ነው» አልክ። እኔም «መጫወቻ ከሆነ ለምን አስጨነቃችሁ?» አልኩህ። ሰው ደግሞ ሳቀ። ያረጋል አልቻለም፣ ቱግ አለ፦

«እኔን የገረመኝ ይኼ ነው! ወንድሟ ሎጅ ልሠራበት ብሎ የጠየቀውን ቦታ፣ እሷ ባቡር አላሳልፍበትም ትላለች!»

ጋሼ፣ ፊትህን አየሁት። «ውሸት ነው» ትላለህ ብዬ ጠበቅኩህ። በአባባ ስም እምልልሃለሁ፣ «ውሸት ነው» ብትለኝ ኖሮ አምንህ ነበር። አንተ ግን ጫማህን አየህ። ያ ሁሉ የአገርህ ሰው ዙሪያህን ቆሞ ጫማህን አየህ። ሀጂ ሰይዶ «አስተግፊሩላህ» አሉና ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ከድንኳኑ ጀርባ ወስደህ የነገርከኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። አልሸሽም፣ አንዳንዱ እውነት ነው። «አንቺ ወልቂጤ ተቀምጠሽ ነው ጀፎረ ጀፎረ የምትይው፤ እዚያ ያለው ወጣት ሥራ ይፈልጋል» አልከኝ። ይኼ እውነት ነው። እኔም ጭቃው ሲመረኝ፣ ብየዳ የሚያሠራ ሰው ሳጣ ነው ከተማ የገባሁት። «ቱሪስት ጥያ ድረስ ሄዶ ድንጋይ አይቶ ይመለሳል፣ እኛ ጋ ለምን አይመጣም?» አልከኝ። ይምጣ! ማን ከለከለው? ከቤታችን ጀርባ የአባባ መሬት አለ፤ እዚያ ሥራ፣ እኔ ራሴ በሩን በነፃ እበይድልሃለሁ። «ከጀርባ ማን ያየዋል?» አልክ። እዚህ ላይ ገባኝ። አንተ የፈለግከው ሎጅ ብቻ አይደለም፣ መታየት ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ሁሉ ጀፎረው አፍ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የሀብቴን ፎቅ እንዲያይ ነው።

«ሰው ሁሉ በየቦታው እየወሰደው ነው፣ እኔ ብቀር ሌላው ይወስደዋል» አልከኝ ደግሞ። አንጀቴን ያቃጠለው ይኼኛው ነው። ሌባ ከበዛ አብሮ መስረቅ ነው እንዴ? በመጨረሻም ጣትህን ቀስረህ «ካላቃናሽው ደጅሽን አልረግጥም!» አልከኝና መኪናህ ውስጥ ገባህ። እኔም እንደ ልጅነታችን ከኋላህ የምሮጥ መስሎህ በመስታወት ስታየኝ አይቼሃለሁ።

አልሮጥኩም። አለቀስኩ ግን። ይህንንም እወቀው፣ ጀግና ነኝ ብዬ አልጽፍልህም። ጀማሉ አጠገቤ መጥቶ ቁጭ አለ። በኋላ «ሐረግ፣ መዶሻ ላምጣ?» ሲለኝ ጮህኩበት። «ሐዲዱን ለማቅናት አይደለም፣ ጠረጴዛውን ለማጠናከር ነው፤ ነገ ወደ ግቢ ሊያወጡን ነው አሉ» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ አወጡን። እሁድ ጠዋት ስንደርስ አዳራሹ ውስጥ በኛ ቦታ የአበባ ማሰሮ ተቀምጦ አገኘነው። ያረጋል «ሐዲዱ ከተስተካከለ ትገቢያለሽ፣ ካልሆነ ግቢው ሰፊ ነው» አለኝ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሰፊ ነገር እንወዳለን» አልኩትና ጠረጴዛውን ተሸክመን ግቢ ካለው ዛፍ ሥር አቆምነው። መብራት የለም። ጀማሉ ከጓደኛው ባጃጅ ባትሪ ፈቶ አመጣና ከሐዲዱ ጋር አገናኘው፣ ባቡራችን ተነሳች።

ጋሼ፣ ብታየው! ከቤተ ክርስቲያን የወጣው በነጠላው፣ ከገበያ የመጣው በሸክሙ፣ አዳራሹ ውስጥ መብራት ጠፍቶበት የወጣው ሁሉ ዙሪያችን ተኮለኮለ። ባቡሯ ጉንችሬ ስትገባ ያጨበጭባሉ። አንዴ ግን በፍጥነት መጥታ ኩርባው ላይ ተገለበጠች። እንግዶቹን አስከትሎ በዚያ ሲያልፍ የነበረው ያረጋል ይህችን አገኘ። «ይኸው! ቢቃና ኖሮ ትገለበጥ ነበር?» አለ፣ ሁሉ ሰው እንዲሰማው ጮክ ብሎ።

የተናገረው ልክ ነው፣ ሐዲዱ ቀጥ ቢል አትገለበጥም ነበር። እኔ ግን ባቡሯን አነሳሁና ሐዲዷ ላይ መልሼ አስቀመጥኳት። «ይኸው አነሳኋት» አልኩት። «አሥር ጊዜ ብትወድቅ አሥር ጊዜ አነሳታለሁ። ጀፎረ አንዴ ከታጠረ ግን ማነው የሚመልሰው? እርስዎ ይመልሱታል?» አንዱ ከኋላ «እውነት ነው!» ብሎ ጮኸ፤ የማንን እንደሆነ አላወቅኩም፣ የኔን ነው ብዬ ወስጄዋለሁ። ያረጋል እንግዶቹን ይዞ ሄደ። ሽልማቱን የአዲስ አበባዎቹ ወሰዱት፣ ለሌላው ሁሉ የምስክር ወረቀት ተሰጠ፣ ለኛ አልተሰጠም። ግድግዳዬ ላይ ለወረቀት የሚሆን ቦታም የለኝም።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍልህ። እማዬ መጥታ ነበር። እናትህ ወለተ ሐና፣ ሚኒባስ የሚያማት ሴትዮ፣ ከጉንችሬ ከጎረቤቶቿ ጋር መጣች። የልጆቿን ሥራ ልታይ ነው የመጣችው፤ የእኔን ባቡርና የአንተን ድንኳን። የቅዳሜውን ወሬ መንገድ ላይ ነግረዋታል። ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ ሰላም እንኳን አላለችኝም።

«የኔ ቤት የቱ ነው?» አለች።

አሳየኋት። ጣቷን በሩ ላይ አደረገች፣ ከዚያ ወደ አረንጓዴው አመጣችው፤ አልነካችውም፣ በላዩ ላይ አየር ላይ አቆመችው።

«ሀብቴ በርሽ ላይ ጥሩ ነገር እሠራልሻለሁ ብሎኛል። እኔ ጥላ መስሎኝ እሺ አልኩት።»

«ጥላ አይደለም እማዬ። ፎቅ ነው።»

«እዚህ?»

«እዚያ።»

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ፣ አልተቆጣችም። ልጆቼ አትጣሉ ትላለች ብዬም ፈርቼ ነበር፣ እሱንም አላለችም። ቀና ብላ አየችኝና፣

«ታዲያ የኔ ለቅሶ የት ሊቀመጥ ነው?» አለችኝ።

ይኼው ነው ያለችው። አንተ መልስ ካለህ ለሷ ንገራት፣ ቅያሜያችን አይመለከተውም፣ ደውልላትና የት እንደሚቀመጥ ንገራት። ሎጁ ውስጥ አዳራሽ ይኖረዋል በላት እንግዲህ። ለቀስተኛው በሎጁ በር በተራ ይግባ፣ ዘበኛው ይፈትሸው።

እሷን ሚኒባስ ላይ አሳፍሬ እንደተመለስኩ ሀጂ ሰይዶ ዘንድ ሄድኩ። የሚያርፉት የወንድማቸው ልጅ ሀቢቡ ሱቅ ነው። «አሰላሙ አለይኩም» ብዬ ገባሁ፣ እንደ ልጃቸው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። የመጣሁበትን ነገርኳቸው፦ ወንድሜን ለአገር ሽማግሌ ልከስ ነው የመጣሁት። ሲሰሙኝ ቆዩና «ያረጋልን ነው ወይስ ሀብቴን?» አሉኝ። «ያረጋል የኛ ሰው አይደለም፣ ጨርቅ መስሎት ነው» አልኳቸው። «ሀብቴ ግን ያውቃል።»

ሽማግሌዎቹ ለፊታችን ቅዳሜ ተቀጣጥረዋል። ቦታው ጀፎረው ላይ ነው፣ ከእማዬ በር ፊት ለፊት። ጥሪው ለአንተም በሰው ይደርስሃል፤ ከሰው ከምትሰማው ከኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው ይኼን ሁሉ የጻፍኩት። ከጀርባህ አላሴርኩብህም።

አንድ ነገር ግን ሀጂ ሰይዶን አስቸገራቸው። ወጉን ታውቃለህ፤ በኛ ዘንድ ሴት ነገሯን ሽማግሌ ፊት በራሷ አፍ አታቀርብም። ወንድሟ ቆሞ ይናገርላታል። «ማን ይናገርልሽ?» አሉኝ። «ጀማሉ ይሁን? ወይ እኔው ልናገርልሽ?»

«አይሆንም ሀጂ» አልኳቸው። «ራሴ እናገራለሁ።»

«እኔ በሽማግሌነት ዘመኔ እንዲህ ያለ አልሰማሁም።»

«ቅዳሜ ይሰማሉ።»

ጢማቸውን እየዳበሱ ሳቁ። እሺም አላሉኝ፣ እምቢም አላሉኝ። እኔ ግን ወስኛለሁ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች «ሴት ትቀመጥ» ቢሉም አልቀመጥም፤ ድምፄን ታውቀዋለህ፣ ብየዳ ቤት ያደገ ድምፅ ነው፣ ከጥግ እስከ ጥግ ይሰማል። ብትመጣ ፊትህ ቆሜ እናገራለሁ፣ ብትቀርም በሌለህበት እናገራለሁ። ስድብ አይኖርበትም። ያደረግከውን ብቻ ነው የምናገረው።

ቅር እንዳይልህ፣ ለሌላ ሰው ይህን አላደርግም ነበር። ጀፎረውን ሊያጥር የመጣው ባዕድ ቢሆን ኖሮ እኔ ከሴቶቹ ጋር ቁጭ ብዬ አዳምጥ ነበር፤ ተነስቶ የሚናገርልኝ ወንድም ነበረኝ።

እህትህ
ሐረገወይን ዱባለ